ሽማግሌ አይራገፍም

ጣሊያን ባሕር ዳር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በቅዳሜ ገበያ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ተነገረ። "ከእንግዲህ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ሳይታይ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችም ሳይቆሙ የማንም ሰው ቤት አይፈተሽም። በቤቱ ጥይት የተገኘበት ሰው ግን በዚያው ዕለት ይረሸናል!" ገበያተኛው የአዋጁን ፊት ሰምቶ ኋላውን ረሳው። በሩን እየሰበሩ ሲገቡበት ለከረመ ሰው ወረቀትም፣ ሽማግሌም ትልቅ ነገር ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ታንኳ ሠሪው ቃሲም ከእህል ተራው ጥግ ቆሞ ይሰማ ነበር። በሐይቁ ዳር፣ በእስላሞቹ ሰፈር፣ ከሱ በላይ የሚከበር ሽማግሌ የለም። ያስታረቀው ባልና ሚስት፣ ያስማማው ወንድማማች ብዙ ነው፤ ክርስቲያኑም ቢሆን እሱ ሲያልፍ ከመቀመጫው ብድግ ይልለታል። ከጎኑ የቆመው ቡርሀን ጎረቤቱ ነው። አጥራቸው አንድ፣ ሥራቸው አንድ ነው፤ ቡርሀን ደንገል አስሮ ታንኳ መሥራትን የተማረው ከቃሲም እጅ ነው፤ ሚስቱን መዲናንም ሽማግሌ ሆኖ የጠየቀለት ቃሲም ነው። ቡርሀን ልበ ሙሉ፣ ምላሱ የማያርፍ ጎልማሳ ነበር። ያን ቀንም አላረፈለትም።

"ወረቀቱስ ይሁን፤ ፈታሹስ ይራገፋል ወይ?" ብሎ ከሰው መካከል ጮኸ።

አዋጁን ያስነገረው ጣሊያናዊ መቶ አለቃ ፊቱን ወደ አስተርጓሚው መለሰ። አስተርጓሚው አምሐ ነው፤ የባንዳው አለቃም እሱ ነው። አምሐ የዚያው አገር ልጅ ስለሆነ የተባለው ገብቶታል፤ ግን አፉን እንደ መያዝ አለ። ይሄኔ የጊዮርጊስ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በትራቸውን ተመርኩዘው ወደ ፊት ወጡና ነገሩን ቀስ አድርገው አስረዱ። መቶ አለቃው ጥቂት አማርኛ ለቃቅሞ ነበርና አምሐ ሊያጣምምበት አልደፈረም።

ነገሩ የአገሩ ወግ ነው። ፍየሉ ወይም መረቡ የጠፋበት ሰው የጠረጠረውን ቤት ልፈትሽ ሲል፣ መጀመሪያ ከደጃፍ ቆሞ ኩታውን ያራግፋል፣ መቀነቱን ይፈታል፣ መዳፉን ገልብጦ ያሳያል። ይዞ ገብቶ "አገኘሁ" እንዳይል ነው። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ይገባሉ። ፈታሹ ተራግፎ ገብቷልና፣ በቤት ውስጥ የተገኘ ዕቃ የቤቱ ነው፤ ባለቤቱ "አላውቀውም" ቢል አይሰማም። ሽማግሌዎቹ ግን አይራገፉም። ሽማግሌን ተራገፍ ማለት ፊቱ ላይ እንደ መትፋት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ያየ ቀርቶ የሰማም አልነበረም።

መቶ አለቃው ሥርዓት የሚወድ፣ የጫማውን ክር ሳይቀር ልክ ለልክ የሚያስር ሰው ነው። "ጥሩ ሕግ ነው። ሰዎቼ ይራገፋሉ" አለ።

ባንዳዎቹ እስከዚያ ድረስ የጠሉትን ሰው ቤት ሲፈትሹ ጥይት ማጣት አያውቁም ነበር። ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን አልነበረም። ከአዋጁ በኋላ የመጀመሪያው ፍተሻ በወይዘሮ የብርጓል ቤት ሆነ። አንዱ ትንሽ ባንዳ ከደጃፍ መቀነትህን ፍታ ተባለ፤ ሲፈታው ጥይት ከድንጋዩ ላይ ቋ ብላ ወደቀች። መቶ አለቃው ባንዳውን በገበያ መካከል አስገረፈው። ሴቱ እልል አለ። ቡርሀንማ እየሳቀ፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉናል፤ እኛ ግን ጅቡ ቆሞ ሳለ ጮኽን!" ሲል ዋለ። አምሐ ከገበያው ሾላ ሥር ቆሞ ቡርሀንን ያየው ነበር። አስተያየቱ አላማረም።

ከዚያ ወዲህ እስከ ክረምቱ መግቢያ በማንም ቤት ጥይት አልተገኘም። ሰዉም ወጉ እንዳዳነው አምኖ ልቡን ጣለበት። አምሐ ግን በዚያው ወግ ያደገ ሰው ነው፤ ወጉ የት ጋ ቀዳዳ እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃል።

ከዕለታት አንድ ቀን ቃሲም ከሐይቁ ዳር ደንገል እያሰረ ሳለ አምሐ ብቻውን መጣ። የቃሲም ልጅ አብዱልመጂድ እህል ሊያመጣ በታንኳ ወደ ቆላ ድባ ማዶ ከሄደ ሰንብቶ፣ በቀኑ ስላልተመለሰ ሐሳብ ገብቶታል።

"አባ ቃሲም፣ እንደምን ዋሉ?" አለ አምሐ በትሕትና። "ልጅዎ ደኅና ነው። እኛ ዘንድ ነው ያለ።"

ቃሲም ደንገሉን የሚያስርበትን ልጥ ለቀቀው። "ምን አጠፋ?"

"ሽፍታ አሻግሯል ይባላል።"

"ይባላል ነው ወይስ አሻግሯል?"

"እሱማ በእርስዎ ነው።" አምሐ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ከፈተ። በመዳፉ ላይ የምንሽር ጠመንጃ ጥይት ነበረች። "ነገ ረፋድ ላይ የቡርሀን ቤት ይፈተሻል። ማኅተሙ ተመቷል። ሽማግሌዎቹ መሪጌታና እርስዎ ናችሁ። ይችን ከቤቱ ካገኘናት ልጅዎ ማታ ከእናቱ ጋር እራቱን ይበላል። ካላገኘናት ሾላውን ያውቁታል።"

ሾላውን ማን አያውቀውም? ቅርንጫፉ ሰው ሳይሰቀልበት ያለፈ ሳምንት የለም።

"ለምን እኔ?" አለ ቃሲም።

አምሐ ከት ብሎ ሳቀ። "እርስዎን ማን ያራግፋል?"

ጥይቷን በደንገሉ ላይ አኑሮ ሄደ። ቃሲም ሐይቁ ውስጥ ሊወረውራት አንስቶ ነበር፤ እጁ ግን ከትከሻው በላይ አልሄደለትም። ለቡርሀን ልንገረው እንዴ? አለ። ቡርሀንን ያውቀዋል፤ ሰምቶ ዝም አይልም፤ ወደ መቶ አለቃው እየጮኸ ይሮጣል፤ ያኔ አብዱልመጂድ በሾላው ላይ ነው። ልጅ ማለት አንድ እሱ ነው። ሌሎቹን ሚስቱ ሀጂራ እየወለደች አፈር በልቷቸዋል። ሆድ ካገር ይሰፋል ይላሉ፤ የቃሲም ሆድ ግን ይችን አንዲት ጥይት ሊሸከም አልሰፋም። ለሀጂራ እንኳ አልነገራት። አብዱልመጂድ ከዘመዶች ዘንድ ሰንብቷል አላት።

በመጨረሻ አንድ ነገር ታሰበውና ትንፋሹ መለስ አለ። ራሱ አራግፉኝ ቢልስ? በሰው ሁሉ ፊት መቀነቱን ፈትተው ጥይቷ ከሱ ላይ ትውደቅ። የአምሐ ተንኮል ይገለጣል፤ መቶ አለቃው ባንዳውን አስገርፎ የለም ወይ? እሱን ቢረሽኑት ይረሽኑት፤ ዕድሜውን በልቷል። ልጁንስ? ልጁን አላህ ያውቅለታል። ሐሳቡ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ሰው በጨነቀው ጊዜ ግን ቀዳዳውን አይቆጥርም። ጥይቷን በመቀነቱ እጥፋት ከትቶ፣ አላህን ለምኖ ዋለ፤ አደረም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የቡርሀን ደጅ በሰው ተሞላ። ደመናው ዝቅ ብሏል፤ ሐይቁ ጠቁሯል፤ ከዘጌ በኩል ነጎድጓድ ይሰማል። መቶ አለቃው ወረቀቱን ዘርግቶ ማኅተሙን ለቡርሀን አሳየ። ቡርሀን ማንበብ ባይችልም ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየና ለመሪጌታ ሰጠ። መሪጌታ አንብበው "የአንተ ቤት ነው፤ ትክክል ነው" አሉ። ቡርሀን ቅር አላለውም። ቤቱን ያውቀዋል፤ ከዓሣ መረብና ከደንገል በቀር ምን አለው?

ባንዳዎቹ አንድ በአንድ ተራገፉ። ኩታ ተራገፈ፣ መቀነት ተፈታ፣ መዳፍ ተገለበጠ። አምሐ ራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ኪሱን ሳይቀር ገልብጦ አሳየ። ሰዉ ሳቀ። አምሐም አብሮ ሳቀ።

ይሄኔ ቃሲም ወደ ፊት ራመድ አለና "እኔንም አራግፉኝ" አለ።

ሰዉ ፊቱን ወደሱ መለሰ።

"ምን አልህ ቃሲም?" አሉ መሪጌታ።

"አራግፉኝ። ሕግ ከሆነ ለሁሉ ነው። እኔም ልራገፍ።" እጁን ወደ መቀነቱ ሰደደ።

ቡርሀን ዘልሎ እጁን ያዘው። "አባ! ምን ነካዎት? በእኔ ደጅ? እርስዎን በእኔ ደጅ አራግፈው እኔ ከሰው ልቆጠር ነው?"

"ልቀቀኝ ልጄ። እኔ ነኝ ያልሁ።"

"ወላሂ አይደረግም! እኔ ልሙት!"

መዲናም ከበሩ ብቅ ብላ "አባ ቃሲም፣ እባክዎ አያሳፍሩን" ስትል ለመነችው። መሪጌታ ተቆጡ። "አንተን ካራገፉ እኔንም ማራገፋቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ለባንዳ መቀነቴን አልፈታም! ተው እንጂ፣ ሽማግሌ ነህ።" ከሰው መካከልም "ነውር ነው! ነውር ነው!" የሚል ጉምጉምታ ተነሣ። ቃሲም ወደ መቶ አለቃው ዞረ። መቶ አለቃው ምን እንደሆነ አምሐን ጠየቀው፤ አምሐም እንዳለ አስተረጎመለትና ጨመረበት፤ "ሽማግሌ ማራገፍ በአገሩ ነውር ነው ጌታዬ። የአገሩን ወግ አንሰብርም።" መቶ አለቃው እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቡርሀን የቃሲምን እጅ እንደያዘ ደግፎ አስገባው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ይህ ፈረስ ግን አትቀመጡብኝ እያለ ለምኖ ነበር።

ባንዳዎቹ ጎታውን ወጉ፣ መረቡን በተኑ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ሣር በሳንጃ ፈለጉ። የቡርሀን ሴቶች ልጆች ከእናታቸው ቀሚስ ተጠግተው ያያሉ። ቃሲም ጥይቷን በመቀነቱ እንደያዘ ቆሟል። አላስቀምጣትም ብሎ ነበር የገባው፤ እንዲያው ይዣት እወጣለሁ ብሎ ነበር። ዓይኑ ጨለመበትና ግድግዳውን ያዘ።

"ደከመዎ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" አለች መዲና። ክንዱን ይዛ ከመደቡ ላይ አስቀመጠችው፤ ውሃ በቅል ቀድታ አመጣችለት። በቀኝ እጁ ቅሉን ተቀበለ። ግራ እጁ ወደ መቀነቱ ሄደ። አብዱልመጂድ ሕፃን ሳለ ውሃ የሚጠጣው በዚያ ዓይነት ቅል ነበር፤ ያ ነው የታየው፤ ሌላ አልታየውም። ጠጥቶ ቅሉን ሲመልስላት ጥይቷ ከመደቡ የደንገል ምንጣፍ ሥር ነበረች።

ወዲያው ልቡ ተመለሰ። መልሶ ሊያነሣት እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። አምሐ ግን ከሱ ላይ ዓይኑን ነቅሎ አያውቅም ነበር።

"መደቡን ፈትሹ" አለ። "አባ ቃሲም፣ ትንሽ ብድግ ይበሉልን።"

ጥይቷን ያወጣት በወይዘሮ የብርጓል ደጅ ጥይት ወድቆበት የተገረፈው ትንሹ ባንዳ ነው። እሱ ራሱ ደነገጠ። መቶ አለቃው ተቀብሎ በብርሃን አያትና ፊቱ ተለወጠ።

"ይህ ሐሰት ነው!" አለ ቡርሀን። "እነሱ ናቸው ያመጧት! እንደ የብርጓል ቤት ነው ያደረጉት!"

"እንዴት ያመጧታል?" አለ መቶ አለቃው በአምሐ አፍ። "ሰዎቼ በፊትህ ተራግፈዋል። የናንተ ሕግ ነው፤ አንተ ነህ በገበያ የጠየቅኸው። ተራግፈው ገቡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው አዩ። እንግዲያ ጥይቱ የማን ነው?"

ቡርሀን ወደ መሪጌታ ዞረ፤ መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። በወጉ መሠረት የተባለው ልክ ነው፤ ያራገፉትን ሰው መልሰው ሌባ ሊሉት አይችሉም።

ያኔ ነው ቃሲም የጮኸው። "የኔ ናት! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያስቀመጥኋት፤ አሁን፣ እዚህ ተቀምጬ! ልጄን ይዘውብኝ ነው! አምሐ ነው የሰጠኝ! ቁርአን አምጡልኝ፣ ልማልላችሁ!" መቀነቱን ፈትቶ መሬት ላይ ወረወረው፤ በመዲና እግር ሥር ተደፋ።

ቤቱ ውስጥ ልቅሶ ፈነዳ። ግን የንዴት ልቅሶ አልነበረም።

"አባቴ" አለች መዲና፤ ልታነሣው እየታገለች። "አባቴ፣ ለኛ ብለው…" አልጨረሰችውም። መሪጌታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ነፍሱን ስለ ጎረቤቱ የሚሰጥ ሰው በወንጌል ነበር የማውቅ" አሉ። "ዛሬ በዓይኔ አየሁ።" ከደጅ የቆመው ሰው ሰምቶ "ሽማግሌው በቡርሀን ፋንታ ልሙት አሉ" እየተባባለ ደረቱን መታ።

"እውነቴን ነው!" አለ ቃሲም። "እናንተ ሰዎች፣ እውነቴን ነው! አራግፉኝ ብዬ አልነበረም?"

"አዎ፣ ለዚህ ነበር ለካ" አሉ መሪጌታ። "ነገሩ ቀድሞ ታይቶህ ነው፤ ከላዩ ልትወስድለት።"

መቶ አለቃው ምን እንደሚል ጠየቀ። አምሐ ሳይደነግጥ አስተረጎመለት። ቃሉን ሳያጎድል ነው ያስተረጎመው፤ ከዚያ ጨመረበት፤ ሽማግሌው ለጎረቤቱ ሲል እኔ ነኝ እያለ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ጥፋቱንም በኔ በአምሐ ላይ ሊያደርገው ይሻል፤ አለው። መቶ አለቃው ቃሲምን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በአክብሮት ባርኔጣውን ነካ አደረገለትና ወታደሮቹን በእጁ ጠቀሰ።

ቡርሀንን የፊጥኝ አሰሩት። በቃሲም ፊት ሲያልፍ ቆም አለ። ዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ የለም፤ ቃሲም እየፈለገ አጣው።

"አባ፣ ይበቃዎታል" አለው። "በቁርአን በሐሰት አይማሉ፤ ለነፍስዎ ይዘኑ። ልጆቼን አደራ።"

ተኩሱ የተሰማው ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ፣ በዝናቡ መካከል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሚያድር ሰው ሲኖር ነው።

አምሐ ቃሉን ጠበቀ። ሰይጣንም አንዳንድ ጊዜ ቃሉን ይጠብቃል። አብዱልመጂድ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከቤቱ ደረሰ። በመንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ እያቀፈ "የማን ልጅ መሆንህን ታውቃለህ?" እያለ አባቱ ያደረገውን ነግሮታል። ሀጂራ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው፤ ካላት እንጀራ ላይ የአምባዛ ዓሣ ወጥ ጨምራ አቀረበችለት። ከአጥሩ ወዲያ የመዲና ልቅሶ ይሰማል። ቃሲም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል።

አብዱልመጂድ እጁን ወደ ምግቡ አልሰደደም።

"ለምን ፈቱኝ?" አለ።

"አላህ አስፈታህ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል" አለች ሀጂራ።

"አላህማ ነው። አምሐን ምን ነካው ነው የምል?" ወደ አባቱ ዞረ። "ጠባቂው ዛሬ ጠዋት፣ ቡርሀን ገና ሳይያዝ፣ 'አባትህ ከፍተሻው ሲመለስ ትፈታለህ' አለኝ። ምን ማለቱ ነው አባቴ?"

ቃሲም ፊቱን አላዞረም። "በሰው ሁሉ ፊት ተናገርሁ" አለ። "ጮኼ ተናገርሁ። ማንም አላመነኝ።"

አብዱልመጂድ ገበታውን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

"እኔ አምኜሃለሁ" አለ።

ተነሣ። የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ የአባቱን አልሳመም። ከበሩ ጀርባ የታንኳውን ዘንግ አንሥቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ሀጂራ "አብዱልመጂድ! ወዴት ነው? ገና ምኑን በላህና!" እያለች እስከ ደጅ ተከተለችው። ሲመለስ አላየችም፤ ወደ ውሃው ዳር ሲወርድ ብቻ ነው ያየችው። ቀሚሷ ርሶ ገባች።

"ምን አልኸው?" አለች ባሏን።

"እውነቱን።"

"ምኑን እውነት?"

ቃሲም ዞሮ አያት። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ጥይቷን፣ የአምሐን ቃል፣ መቀነቱን፣ መደቡን፣ ቅሉን። ሀጂራ እስኪጨርስ ሰማችው። ሲጨርስ አጠገቡ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን ጠረገችለት።

"ደክሞሃል" አለችው። "ለሰው ብለህ ያላደረግኸውን አደረግሁ እስክትል መሆን አይገባህም ነበር። በል ጋደም በል፤ ነገ መዲና ቤት ለልቅሶ ቀድመህ የምትገኝ አንተ ነህ።"